የማይገጥም ክዳን

የአክስቴን ሠርግ ያፈረስኩት በሰባት ዓመቴ ነው። ተንኮል ሠርቼም፣ ዋሽቼም አልነበረም። እውነቱን ተናግሬ ነው ያፈረስኩት፣ ያውም ጎበዝ እባላለሁ ብዬ።

ከተማችን ከቲያንጂን በስተደቡብ ናት። ሌላው ሰው በስንዴና በማሽላ ሲኖር እኛ የምንኖረው በትንፋሽ ነው፤ በየግቢው መለከት ይቀጠቀጣል፣ ክላርኔት ይቦረቦራል፣ ፍሉት ይወለወላል። አባቴና እናቴ ፋብሪካ ይውላሉ። እኔን የምትጠብቀኝ አያቴ ናት ይባል እንጂ ውሎዬ ከአባቴ ታናሽ እህት፣ ከዩንሺያ ጋር ነበር። እሷ ቤት ተቀምጣ ፍሉት ትጠግናለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ፋብሪካ ገብታ ነበር፤ ደረጃ መውጣት ሰለቸኝ ብላ በስድስት ወሯ ተወችው። ሰፈሩ ሰነፍ ይላታል። ለእኔ ግን ሰማይ የምትወድ ሰው ነበረች፤ ውሃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ባልዲዋን እያስቀመጠች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ደመናውን ታያለች። እኔም አብሬያት አያለሁ። አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

ፍሉት ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። በየቀዳዳው ላይ የብረት ክዳን አለ፤ በክዳኑ ሆድ ደግሞ አንዲት ክብ ትራስ ተለጥፋለች። ውስጧ ሱፍ ነው፣ ላይዋ ከከብት አንጀት የተላጠ፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቆዳ። የፍሉት ነፍሱ እዚያች ትራስ ላይ ናት። ከቆሸሸች ቀዳዳው ላይ ትጣበቅና ስትነሣ «ጭ» ትላለች። ከተቀደደች ወይም ከጠመመች ግን ክዳኑ አይገጥምም፣ ትንፋሹ ያፈሳል፣ ፍሉቱ ያፏጫል።

ትራስ ማጽዳት ያስተማረችኝ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው።

«እጅሽን ታጠቢ። አፍሽንም።»

«በአፌ አልነካውም እኮ።»

«ትተነፍሻለሽ አይደል? ቅድም ምን በላሽ?»

«ምንም።»

«ምንምሽ ጉንጭሽ ላይ ተለጥፏል። ሂጂ ታጠቢ!»

ከዚያ አንዲት ስስ የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ከትራሷና ከቀዳዳው መሃል ታስገባለች። ክዳኑን በጣቷ ቀስ አድርጋ ትጫነዋለች፣ ትለቀዋለች፣ ወረቀቱን ታወጣዋለች። ወረቀቱ ላይ ቢጫ ቀለበት ይቀራል፤ የሰው ምራቅና ስኳር ነው። ሌላ ወረቀት ታስገባለች፣ እንደገና፣ ቀለበቱ እስኪጠፋ። «ክዳኑን ተጭነሽ ሳለ ወረቀቱን እንዳትጎትቺ፣ ቆዳው ይቀደዳል» ትለኛለች በቀን አሥር ጊዜ። «መጀመሪያ ልቀቂ፣ ከዚያ አውጪ።» ምድጃ አጠገብ ፍሉት ማስቀመጥም ክልክል ነው። ሙቀት ትራሱን ያጣምመዋል።

በዚያ ወረቀት የተነሣ ስሟ ጠፍቶ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ሃው፣ ነገር ሆዷ ውስጥ አንድ ሌሊት የማያድርላት ሴትዮ፣ ከትምባሆ ሻጩ ሱቅ ስትወጣ አይታት ለሰፈሩ አዳርሳለች።

«ይቺ ልጅ በሳምንት አንድ ፓኮ ወረቀት ታጨሳለች! ትንፋሿ የሚቆራረጠው ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

አያቴ በግቢው ግንብ ላይ አንገቷን አስግጋ «የእኔ ልጅ ፍሉት ነው የምታጸዳው! አንቺ አፍሽን አምጪና ታጽዳልሽ!» ትላታለች። እኔ እስቃለሁ። አክስቴም ትስቃለች፣ ግን ቶሎ ታቆማለች።

አንድ የሚገርመኝ ነገር ነበር። አክስቴ በሕይወቷ አንድ ፍሉት ነፍታ አታውቅም። ትፈታለች፣ ታጸዳለች፣ ትገጥማለች፤ ለመሞከር ሲደርስ ግን ለሌላ ሰው ትሰጣለች። «የሚጠግን ሌላ፣ የሚነፋ ሌላ» ትላለች። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ አገኘዋለሁ። ደብቃኝ ጥቁር እንጆሪ የበላች እየመሰለኝ ተቀይሜያት አውቃለሁ። ዛሬ ሳስበው ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

የሚነፋላት ጂንግሼንግ ነበር። ሉ ጂንግሼንግ በአውራጃው የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ሁለተኛ ፍሉት ነፊ ነው፤ እጮኛዋም ነው። እሁድ እሁድ ፍሉቱን ጀርባው ላይ አዝሎ በብስክሌት ይመጣል። እሱ ከመጣ ቤቱ ይሞቃል፤ እኔን ብስክሌቱ ላይ ሰቅሎ ግቢውን ያዞረኛል፣ ለአያቴ ከሰል ያስገባል፣ ከዚያ ከአክስቴ ፊት እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ይቀመጣል።

«ዛሬም ስኳር ልሰህ ነው የነፋኸው?» ትለዋለች ወረቀቱን ፊቱ ላይ ዘርግታ።

«በሻይ ነው። አንዲት ማንኪያ።»

«ይቺ ማንኪያ ናት? አካፋ ነው እንጂ!»

«እንግዲህ ስንጋባ በየቀኑ አፌን ታጥቢኛለሽ።»

«ስንጋባማ አላጥበውም። እዘጋዋለሁ።»

ሠርጉ ለግንቦት መባቻ ተቆርጧል። አክስቴም ከሁሉ ደብቃ፣ ፋብሪካው ከጣላቸው ቁርጥራጮች አንድ ፍሉት ትገጣጥምለት ነበር። ዓመት ፈጅቶባታል። በቀይ ጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀምጣዋለች፤ የሠርጉ ቀን ነው የምትሰጠው። ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን፤ እኔም ለእትዬ ሃው እንኳ ሳልነግር ወር መቆየቴን እንደ ጀግንነት ቆጥሬዋለሁ።

ብርዱ ሊለቅ ሲል አንድ ጠዋት አባቴና አክስቴ በአውቶቡስ ቲያንጂን ሄዱ። የሠርግ ጨርቅ ልንገዛ ነው ብለው ነበር። ከቀትር በኋላ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እኔ ከሥሩ እሳት የሚነድበት የጡብ መደብ ላይ ተኝቻለሁ፤ ማለት ዓይኔን ጨፍኛለሁ። መጋረጃው ተጋርዷል። ከመጋረጃው ወዲያ የአባቴ ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማኛል።

«ሽማግሌው ጆሮውን ሰጥቶ አዳመጠው። ብዙ ቆየ። ያፏጫል አለ።»

«ያፏጫል ማለት?» አለች አያቴ።

«ክዳኑ አይገጥምም እማዬ። ሲዘጋ ቀዳዳ ይተዋል፣ ወደኋላ ያፈሳል። ያ የጥንቱ ትኩሳት ነው ያበላሸው።»

«ታዲያ አይጠገንም?»

«እዚህ የሚደፍረው የለም። ቤጂንግ ምናልባት ይከፍቱት ይሆናል፣ እሱም መዳኑን እንጃ። እስከዚያው መጠንቀቅ ነው። ልጅማ በፍጹም አለ። ልጅ የሚባል እንዳይታሰብ።»

እኔ እዚህ ላይ ተናደድኩ። ያ ሽማግሌ የት አይቶኝ ነው ስሜን የሚያጠፋው? ትራስ በማጽዳት ከእኔ የሚበልጥ ልጅ በሰፈሩ የለም። ነገሩ ገብቶኝ ነበር በእኔ ቤት፤ ስለዚያ በቀይ ጨርቅ ስለተጠቀለለው ፍሉት ነው የሚያወሩት። ለሽማግሌ ባለሙያ ሊያሳዩት ወስደውት ነው፤ ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ሙቀት አጥምሞታል፣ ያፈሳል።

«ለእነ ሉ ቤት ትንፍሽ እንዳትሉ» አለች አያቴ። «ሠርጉ ይለፍ። ከዚያ ወዲያ ሰማይ ያውቃል።»

«እማዬ፣ ሰው አይታለልም» አለች አክስቴ።

«ማዪ! በአባትሽ መቃብር ማዪ!»

አክስቴ «በአባቴ መቃብር፣ ከእኔ አፍ አይወጣም» ብላ ማለች። ድምፅዋ የሰለቸው ሰው ድምፅ ነበር።

በማግሥቱ አያቴ ገበያ ስትወጣ ወንበር ላይ ቆሜ ፍሉቱን አወረድኩ። እጄን ታጠብኩ፣ አፌንም ተጉመጠመጥኩ። ወረቀት አስገባሁ፣ ተጫንኩ፣ ለቀቅኩ፣ አወጣሁ። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። በሁሉም ክዳን ሞከርኩ፤ አንድም ቀለበት የለም። ያፈሳል የተባለውን ለማግኘት ብዬ አንዱን ጠበቅ አድርጌ ተጫንኩና ወረቀቱን ሳብ አደረግኩ። ቆዳው ተሰነጠቀ። ክው አልኩ፤ ቀና ስል አክስቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ተጭነሽ ጎትቺ ብዬሻለሁ?»

«ላስተካክለው ነው» አልኩ፤ እንባዬ መጣ። «ክዳኑ አይገጥምም፣ ያፈሳል። አባዬ ሲናገር ሰምቻለሁ።»

ቁጣው ከፊቷ ጠፋ። ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ምን ምን ሰማሽ?»

እንደ ትምህርት ቤት ግጥም አንድ ሳላስቀር ተወጣሁት፤ ማፏጨቱን፣ ትኩሳቱን፣ ቤጂንግን፣ ልጅ በፍጹም የተባለውን።

«ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። በጣቷ ጠረጴዛውን እየነካካች አዳመጠችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳይ በተቀደደችው ትራስ የምታለቅስ መሰለኝ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም አልኳት። ለጋሼ ጂንግሼንግ እንዳልነግረው የምታስምለኝም መስሎኝ መቃብሩን እየጠበቅኩ ነበር። አላስማለችኝም። ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ እንዲህ ነው ያለችኝ፦

«እሁድ እንግዶች ሲመጡ ከእማማ ሉ አጠገብ ቁጭ በይ። ትልቅ ሰው ሲጠይቅሽ ደግሞ ዝም አይባልም፣ እሺ? ቀጥ ብለሽ መልሺ።»

«እሺ» አልኩ። ምግባር እያስተማረችኝ ነበር የመሰለኝ። ከዚያ አብረን የተቀደደችውን ትራስ አውጥተን አዲስ ለጠፍን።

እሁድ መጡ። እማማ ሉ፣ የጂንግሼንግ እናት፣ ሃያ ዓመት በአዋላጅነት የሠሩ፣ ሳቃቸው ከግቢው በር የሚቀድማቸው ሴት ናቸው። ሁለት ካርቶን ብስኩትና አንድ ጥቅል ቀይ ጨርቅ ይዘው ነው የገቡት። ጂንግሼንግ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቷል። አያቴ የተቆላ የሐብሐብ ፍሬ አቀረበች፣ አባቴ ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቆ ቀርቷል፣ አክስቴ ሻይ ትቀዳለች። እኔ እንደታዘዝኩት ከእማማ ሉ አጠገብ ተሰየምኩ።

«አንድ ሺህ የሰው ልጅ አዋልጃለሁ» ይላሉ እማማ ሉ ፍሬውን እየፈለፈሉ። «በሚመጣው ዓመት ይሄን ጊዜ የራሴን የልጅ ልጅ በእጄ እቀበላለሁ። ይሄ ልጄ ሲወለድ ሦስት ኪሎ ከግማሽ ነበር፣ እግሩን አስቀድሞ ነው የወጣው፣ እስከ ዛሬም ነገሩ ሁሉ የተገለበጠ ነው።»

«እማዬ፣ እባክሽ» አለ ጂንግሼንግ እስከ ጆሮው ቀልቶ። ሁሉም ሳቁ። አያቴ ከሁሉም አብልጣ ሳቀች።

እማማ ሉ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ቻንቻን፣ የሙሽራዋ ሚዜ፣ አንቺ የማታውቂው ነገር የለም አሉ። አክስትሽ ምን ደብቃብናለች? ንገሪኝማ።»

በቀልድ ነበር። እኔ ግን ጨንቆኛል። ጋሼ ጂንግሼንግ የሠርጉን ፍሉት ይዞ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ሕዝብ ሁሉ እያየው ፍሉቱ ሲያፏጭበት በዓይነ ኅሊናዬ አየሁ። መሳቂያ ሊሆን ነው። አክስቴን አየኋት። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማለች። ዝም በይ የሚል ጥቅሻ ጠበቅኩ፤ አልመጣም።

«ክዳኑ አይገጥምም» አልኩ።

«የምን ክዳን የኔ ልጅ?»

«የአክስቴ። ሲዘጋ ቀዳዳ ይተዋል፣ ወደኋላ ያፈሳል። ሽማግሌው በጆሮው አዳምጦ ያፏጫል ብሏል። ያ የጥንቱ ትኩሳት ነው ያበላሸው። ቤጂንግ ካልከፈቱት አይድንም።» ደግሞ ጨዋነቴን ለማሳየት ጨመርኩበት፦ «ልጅማ በፍጹም ብሏል። ስለዚህ እኔ ሁለተኛ አልነካውም።»

ጎበዝ የሚለኝ ጠፋ። የአያቴ እጅ የሐብሐብ ፍሬው ሣህን ላይ እንደተዘረጋ ቀረ፤ አባቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። እማማ ሉ ሲኒያቸውን አስቀመጡና አክስቴን ማየት ጀመሩ። መጀመሪያ ከንፈሯን፣ ከዚያ ጥፍሯን፣ ከዚያ አንገቷ ላይ የሚዘለውን ሥር። እንደዚያ ዓይነት አስተያየት አይቼ አላውቅም፤ ሳቂታዋ ሴትዮ ሄደው በቦታቸው ሌላ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ።

«የልጅ ነገር ነው!» አለች አያቴ። «አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ! ስለ ፍሉት ነው የምታወራው!»

«አዎ፣ ስለ ፍሉት ነው!» አልኩ እኔም።

እማማ ሉ አልሰሙንም። ተነሥተው የአክስቴን እጅ አንጓዋ ላይ ያዙት። ቆዩ። ቆጠሩ።

«ዩንሺያ፣ እውነት ነው?»

አክስቴ አልመለሰችም። እሳቸውንም አላየችም። ዓይኗ ጂንግሼንግ ላይ ነበር፣ ከእሱ ሌላ በቤቱ ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ጂንግሼንግ አንዴ ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ ሲኒው ውስጥ ማየት ጀመረ። ብዙ አየው፤ ሻዩ ውስጥ ምን እንዳገኘ እንጃ።

«አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አሉ እማማ ሉ። ዓይናቸው እንባ አዘለ። የአክስቴን ጉንጭ በመዳፋቸው ነካ አደረጉና «ልጄ፣ ተነሥ፣ አውቶቡሱ ያመልጠናል» አሉት። የመጡት በብስክሌት ነበር። እሱም ተነሣ።

በሩ እንደተዘጋ አያቴ በጥፊ መታችኝ። በሕይወቴ ያን ጊዜ ነው የተመታሁት። ከሕመሙ ይልቅ ድንጋጤው፤ ምን አጠፋሁ? ሁለተኛ እጇን ስታነሣ አክስቴ ያዘቻት። «እሷን እንዳትነኪያት!» ብላ ጮኸች። አክስቴ ስትጮኽ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ትንፋሿ አጥሮ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ አባቴ መስኮት ከፈተ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በማግሥቱ ሰፈሩ ሲንሾካሾክ ዋለ። አክስቴ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ሥራዋን ቀጠለች። የሚቀጥለው እሁድ ፀጉሯን ታጥባ፣ ንጹሕ ወረቀቶቿን በመደዳ አስተካክላ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ጂንግሼንግ አልመጣም። በሚቀጥለውም። እኔ ስኳር ስለሚልስ ያፈረ መስሎኝ «አትቆጪው ታዲያ ሲመጣ» አልኳት። «አልቆጣውም» አለችኝ።

በአምስተኛው እሁድ ከቀትር በፊት በር ላይ ጠጠር እየቆጠርኩ ስጫወት ያገናኛቸው አማላጅ መጣ። አያቴን በር ላይ አቁሞ አንድ ሁለት ቃል ነገራት፣ የአክስቴን ፎቶግራፍ መለሰላትና ሄደ። አያቴ ግንቡን ተደግፋ ቀረች። እትዬ ሃው ከወዲያ ማዶ ለሌላ ጎረቤት እጇን እያወናጨፈች ስትናገር ሰማሁ።

«ነፉት እኮ! ዩንሺያና ጂንግሼንግ ነፉት!»

በእኛ አነጋገር «ነፉት» ሁለት ፍች አለው። ዋሽንትም ይነፋል። የተጫጩ ሲለያዩም፣ ያሰቡት ሲከሽፍም «ነፉት» ይባላል፤ ነፋስ እንደበተነው ነገር። በሌላ ሰፈር ያደገ ልጅ ምናልባት ሁለተኛውን ያስቀድም ይሆናል። እኔ ያደግኩት ፍሉት በሚጠገንበት ቤት ነው። አክስቴ ነፋች! በሕይወቷ ነፍታ የማታውቀው አክስቴ፣ ከጋሼ ጂንግሼንግ ጋር ነፋች! ክዳኑ ተጠገነ ማለት ነው! ጠጠሬን በትኜ እየጨፈርኩ ሮጥኩ፣ በሩን በርግጄ ገባሁ።

«ጋሼ ጂንግሼንግ! አክስቴ! ጋሼ ጂንግሼንግ!»

አክስቴ ከሥራዋ ቀና አለች። ፊቷ በራ። እንደዚያ ቀን ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም፤ በእኔ የምሥራች ነው ብዬ እኔም የባሰ ጨፈርኩ።

«ነፋችሁት አሉ! እትዬ ሃው ለሁሉም እየነገረች ነው! ዩንሺያና ጂንግሼንግ ነፉት አለች! አማላጁ እኮ መጥቶ ነበር፣ ፎቶሽንም አመጣልሽ! ለምን ሳትጠሩኝ ነፋችሁ?»

መጀመሪያ ሳቀች። እውነቴን ነው፣ ሳቀች። ሳቁ አላቆም አላት፣ ከዚያ ትንፋሿ ጠፋና ሳቁ ድምፅ አልባ ሆነ። ከንፈሯ የእንጆሪውን ቀለም ያዘ። እጇ ጠረጴዛውን ሲፈልግ ወረቀቶቹ ተበተኑ፣ ከወንበሯ ጋር ወደቀች። እኔ በአንድ እግሬ እንደቆምኩ ደርቄ ቀረሁ። አባቴ በጋሪ ጭኖ ሲወስዳት የእትዬ ሃው ፊት እንኳ አመድ ሆኖ ነበር። ምን እንደተከሰተ ማንም አልነገረኝም። እኔም እንደገና አልጨፈርኩም።

ከሞት ተረፈች። ሠርግ ግን አልተነሣም። ጂንግሼንግ በዓመቱ አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት አገባ፤ ፍሉቱን ሌላ ቦታ ያስጠግን ጀመር። ቀይ ጨርቁ ውስጥ የነበረውን አክስቴ መልሳ ፈታችው፤ ትራሶቹን ለሌላ ሰው ፍሉት አደረገቻቸው።

እውነቱ የደረሰኝ በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ክፍል ውስጥ ነው። የሥነ ሕይወት መምህራችን የልብን ሥዕል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሰቀለ። በዘንጉ እየነካ፣ በዚያ በሚያንቀላፋ ድምፁ፣ «ልብ ውስጥ አራት ክዳኖች አሉ» አለ። «አንዳንድ ሰው በልጅነቱ ትኩሳት ይይዘውና ክዳኑ ይጎዳል። ሲዘጋ በደንብ አይገጥምም። ደም ወደኋላ ያፈሳል። ሐኪም ሲያዳምጠው ያፏጫል።» ሳላውቀው ከመቀመጫዬ ተነሥቻለሁ። «ምን ሆንሽ?» አለኝ። «እንዲህ ያለች ሴት ብታረግዝ ለሕይወቷ አስጊ ነው» ብሎ ቀጠለ። ልጅማ በፍጹም። ልጅ የሚባል እንዳይታሰብ። ደመናው፣ ደረጃው፣ እንጆሪው፣ ያልነፋችው ፍሉት ሁሉ አንድ ላይ መጥቶ ደረቴ ላይ ወደቀ። ከክፍል ወጥቼ ግቢው ጥግ አስመለስኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። አክስቴ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሆናት ቤጂንግ ወስደናት ደረቷን ከፍተው ሰው ሠራሽ ክዳን አደረጉላት፤ ጸጥ ካለ ክፍል ውስጥ ሲመታ ይሰማል። እኔ ያንኑ ሙያ ይዤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ በአንድ ጠረጴዛ ስንሠራ ያን እሁድ አላነሣንም። የማላነሣው በደሌ እሱ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ወረቀት እያስገባሁ ሳለ የእማማ ሉ ሲኒ ሲቀመጥ ይሰማኛል።

ባለፈው የብርድ ወቅት ነው ያልቻልኩት። አክስቴ ስልሳ ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ዓይኗ ደክሞ ትራሱን በጣቷ እየዳሰሰች ነው የምታጸዳው። ከመሬት ተነሥቼ «ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ምን ሰበርሽ ደግሞ?»

«ሠርግሽን። ለእማማ ሉ የተናገርኩት እኔ ነኝ። አላወቅኩም ነበር አክስቴ፤ ስለ ፍሉት መስሎኝ ነው።»

ክዳኑን እንደተጫነች ቆመች። ከዚያ ለቀቀችው፣ ወረቀቱን አወጣችው።

«ሞኝ» አለችኝ። «ይሄን ሁሉ ዓመት እሱን ይዘሽ ነው እንዲህ የከሳሽው? ከአጠገባቸው ያስቀመጥኩሽ ለምን ይመስልሻል? ለብስኩቱ?»

«ምን አልሽ?»

«አያትሽ ያስማለችው እኔን ነው። አንቺ አልማልሽም። ሁለቴ ያስደገምኩሽ እንዳትሳሳቺ ነው።»

እጄ ላይ የነበረው መፍቻ ወደቀ፣ አላነሣሁትም። በልጅ ምላስ! ንዴት ነው፣ እፎይታ ነው፣ ሐዘን ነው፣ የትኛው እንደቀደመ አላውቅም። አያቴ በጥፊ ስትመታኝ እጇን የያዘችው፣ እሷን እንዳትነኪያት ያለችው፣ ለዚህ ኖሯል።

«እንዲቀር ፈልገሽ ነዋ» አልኳት በመጨረሻ። «እንዳይታለል ብለሽ።»

«እንዲቀርማ ማን ፈለገ?» አለች። «እንዲያውቅ ነው የፈለግኩት። አውቆ እንዲመጣ።»

ያለቀላት መስሎኝ ነበር፤ ዓይኗን ከፍሉቱ ሳትነቅል ግን ቀጠለች።

«ያን ዕለት በሩን በርግደሽ ‹ጋሼ ጂንግሼንግ!› እያልሽ ስትገቢ፣ መጣ ብዬ ነበር። ከኋላሽ የቆመ መስሎኝ» አለች። «ፀጉሬን እኮ አስተካከልኩ።»